የከበሮ ሪል ሆድ ዕቃ፦ ምኑ ይታጠባል፣ ምኑ ይቀየራል

እኛ ጋ የዓሣ ማጥመጃ ከበሮ ሪል የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት ሱቅ ገብቶ «የሪል ሮንዴላ ስጡኝ» ማለት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሪሉ አንድ ቀን ማንገራገር ሲጀምር አንዳንዱ ቁም ሳጥን አናት ላይ ይሰቅለዋል፣ ሌላው ውጭ አገር ላለ ወንድሙ ደውሎ «ሌላ ላክልኝ» ይላል። ሁለቱም ቸኩለዋል። ተበላሸ ከሚባለው ሪል አብዛኛው ቆሽሾ ነው። የቀረውም ቢሆን የሚፈልገው ፖስታ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ዕቃ ነው።

ከበሮ ሪል የምለው ከማጥመጃው ዘንግ በላይ የሚቀመጠውን፣ ማኑቬላውን (ማዞሪያ እጀታውን) ስታዞሩ ክር የተጠመጠመበት ከበሮ ራሱ የሚሽከረከረውን ነው። ፔን ሴናተር የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከ1936 ጀምሮ ያለ ሪል ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር)። የተሠራው ለባሕር ነው። ለዚህም ነው ውጭ ያሉት ስለ ጥገናው ሲያወሩ ከጨው ሌላ ወሬ የሌላቸው። ጀማ ወንዝ ላይ አምባዛ ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ግን ጨው ጭንቀቱ አይደለም። የኛ ጠላት ደለል ነው። ክረምት ወጥቶ ውኃው ገና ሳይጠራ ሪሉን አሸዋ ላይ ያስቀመጠ ሰው ማርሹ ውስጥ ብርጭቆ ወረቀት እንደከተተ ይቁጠረው።

ሌላው የኛ ጣጣ ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ። ደጋ ላይ በጥር ብርድ ግራሶው እንደ ሰም ይጠጥራል፣ ቆላ ወርዳችሁ ቀትር ላይ ደግሞ ቀጥኖ መሄድ የሌለበት ቦታ ይሄዳል። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከመፍታታችሁ በፊት

ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። የእንቁላል ካርቶን አጠገባችሁ ይሁን፣ የወጣው ዕቃ በየተራው አንድ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይግባ። በየደረጃው በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ሰነፍ አትሁኑ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ የሚያድናችሁ ያ ፎቶ ነው። ካቻቪቴው የብሎኑን ስንጥቅ ሞልቶ የሚይዝ መሆን አለበት፣ ቀጭን ከሆነ የብሎኑን አናት ይበላዋል። አልፈታ ያለ ብሎን ላይ ጉልበት አታሳዩ፣ ላምባ ጠብ አድርጉበትና ይደር። ብሎኖቹ ደግሞ ሁሉም እኩል ርዝመት ላይኖራቸው ይችላል፣ የትኛው ከየት እንደወጣ ምልክት አድርጉ። ሽፋኑን ስታነሡ ሞላ ሊፈናጠር ስለሚችል ቀስ ብላችሁ፣ በእጅ ከለል አድርጋችሁ ክፈቱ።

ፍሬኑ ሲያንቀጠቅጥ

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ዓሣው ሲሮጥ ክሩ ለስለስ ብሎ መውጣት ሲገባው ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ካደረገ ክሩ የሚበጠሰው በዓሣው ጉልበት ሳይሆን በዚያች «ያዝ» በምትለዋ ቅጽበት ነው።

በትልቁ ማርሽ ሆድ ውስጥ ሮንዴላዎች ተደራርበው ታገኛላችሁ። ሁለት ዓይነት የብረት ሮንዴላ አለ። አንዱ ቀዳዳው ክብ ያልሆነ፣ ጎኑ የተቆረጠ ነው፣ ከመሐለኛው ዘንግ ጋር ተጣብቆ ይዞራል። ሌላው ጠርዙ ላይ ጆሮ አለው፣ ጆሮው ማርሹ ግድግዳ ላይ ባለው ቦይ ይገባና ከማርሹ ጋር ይዞራል። በመሐላቸው የሚፋተገው ለስላሳው ሮንዴላ ነው። ማኑቬላው ስር ባለው ኮከብ መሰል ማጥበቂያ (ኮከቡ እንለዋለን) ስታጠብቁ ሁሉም ይጨመቃሉ፣ ፍሬን የሚባለው ይኸው ነው።

ስለዚህ የሚንቀጠቀጥ ፍሬን ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። የሚፋተገው ሮንዴላ አርጅቶ ደርቋል፣ ወይም ያልሆነ ዘይት ጠጥቷል፣ ወይም ብረቱ ተጣሟል። ብረቱን መስተዋት ላይ አስቀምጡና ጫፍ ጫፉን በጣት ንኩት፣ ከተወዛወዘ ጠሟል፣ ይቀየር። ዝገት ወይም ጭረት ብቻ ከሆነ 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት መስተዋቱ ላይ ዘርግታችሁ እየዞረ እንዲፋቅ አድርጉት።

ለስላሳው ሮንዴላ ላይ ግን አትደራደሩ፣ በካርቦን ፋይበር ቀይሩት። ሪል ላይ ከሚደረግ ማሻሻያ ሁሉ ለገንዘቡ የሚበልጠው ይሄ ነው። ሙቀት ይችላል፣ ሲጀምር አይነክስም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ፔን ኤችቲ-100 የሚለው የዚሁ ዓይነት ነው። ስትገጥሙት ለሪል ፍሬን (በፈረንጅኛ ድራግ) ተብሎ የተሠራውን ግራሶ በጣት ቀባ አድርጉና ትርፉን ጥረጉ፤ ካርቦን ደረቁንም ይሠራል፣ ግራሶው ግን ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል። የመኪና ጎማ ግራሶ አይሆንም። ደጋ ላይ ሲጠጥር ሮንዴላዎቹን ያጣብቃቸዋል፣ የመጀመሪያዋ የዓሣ ሩጫም እዚያው ላይ ክር ትበጥሳለች።

ጋራዥ ሄዳችሁ ከመኪና ፍሬን ሸራ ሮንዴላ ማስቆረጥ የሚያምራችሁ አላችሁ። አውቃለሁ። ተዉት። የሮንዴላዎቹ ድምር ውፍረት ትንሽ ሲጨምር ጆሮው ከቦዩ ይወጣል ወይም ኮከቡ የሚጠብቅበት ቦታ ያጣል። ዕቃው እስኪመጣ መሥራት ካለበት ከጫማ ሠሪ ስስ ቆዳ ወስዳችሁ በአሮጌው ልክ ቁረጡና ዘይት አጥጡት። ቆዳ የድሮ ሪሎች ፍሬን ነበር፣ ለጊዜው አያሳፍርም።

ማኑቬላው ወደ ኋላ ሲመለስ

ይሄ አደገኛው ነው። ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ማኑቬላው በግልባጩ ተሽከርክሮ ጣት ይመታል። ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚከለክለው አንዲት ትንሽ ምላስና የምትገፋት ሞላ ናቸው፤ ምላሷ የማርሽ ጥርስ ውስጥ ትወድቃለች።

አሁን ወደ ብርዱ እንመለስ። እዚህች ምላስ ላይ ወፍራም ግራሶ ያለ እንደሆነ ጠዋት በብርድ ትጣበቃለች፣ ሞላዋም መግፋት ያቅታታል። ቤት ውስጥ ሞክራችሁት ደህና ሆኖ ወንዝ ዳር የሚከዳችሁ በዚህ ነው። ምላሷን፣ ሞላዋንና የምትዞርበትን ስፒል በላምባ እጠቡ፣ አድርቁ፣ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት አንዲት ጠብታ ይበቃል። ግራሶ ከዚያ አካባቢ ይራቅ። ጫፏ ከተከረከመ በሞረድ አታስተካክሉት፣ አጥራችሁ ታርፋላችሁ፣ አዲስ ይምጣ። ሞላዋንም አብራችሁ እዘዙ፣ ዋጋዋ ከምንም አይቆጠርም። አንዳንድ ሞዴል ሁለተኛ ምላስ የሚገጠምበት ማሻሻያ ይሸጥለታል። ለናንተ ሞዴል ካለ ከወርቃማ ማኑቬላና ከመሰል ጌጥ በፊት እሱን ግዙ።

ከበሮው አልሽከረከር ሲል

ማርሹን ነጻ አድርጋችሁ ከበሮውን በጣት ግፉት። ቶሎ ከቆመ ሪሉን ከመክፈታችሁ በፊት ጎን ያለውን የኩሽኔታ ክዳን ትንሽ ላላ አድርጉት፤ ስንት ሰው በጠበቀ ክዳን ሪል ሲፈታ ይውላል።

ካልተሻለው ኩሽኔታዎቹ ይውጡ። ላምባ ወይም ቤንዚን ውስጥ ነክራችሁ እያዞራችሁ እጠቡ (በቤንዚን ከሆነ ደጅ፣ ከከሰል ምድጃ ርቃችሁ)። ሲደርቅ በጣት አሽከርክሩት። ሲዞር ጭር ጭር ካለ ዘይት አጥቶ ነው፣ አንድ ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት ስጡት። እንደ ጠጠር እየቆረቆረ ከዞረ ግን ኳሶቹ ተበልተዋል፣ አይድንም። የኩሽኔታ ደስ የሚለው ነገር የሪል ብቻ አለመሆኑ ነው። የውስጥ ስፋቱን፣ የውጭ ስፋቱንና ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ለኩ፣ ልኩ ከገጠመ ከየትም ማሽን ይምጣ ይሠራል። የማይዝገውን ብትመርጡ ጥሩ ነው። ሴራሚክ ኳስ ያለውን የሚያሞግሱ አሉ። እሱ ሩቅ ለሚወረውሩ ነው፣ ይጮሃል፣ ውድ ነው፣ ገደል ስር ቁጭ ብሎ አምባዛ ለሚጠብቅ ምንም አይጨምርለትም።

ማርሽ ሲያንሸራትት

ክብደት ሲበዛበት ግው ግው ካለ መጀመሪያ ትንሹ ማርሽ ከበሮው ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባቱን እዩ። የሚገፉት ሞላዎች በደለል ተይዘው ግማሽ መንገድ ላይ ያቆሙታል። እሱ ታጥቦ ካልተስተካከለ ጥርሶቹን በአምፖል ብርሃን ተመልከቱ። ከተሳሉ ሁለቱም ማርሾች ባንዴ ይቀየሩ፤ አዲሱን ከአሮጌው ካጋባችሁ አሮጌው አዲሱን ይበላዋል። ከነሐስ ወደ ብረት ማርሽ መቀየር ጥንካሬ ይጨምራል፣ አዟዟሩ ግን ትንሽ ይሻክራል። ፈጣን ማርሽ ይሻላል የሚላችሁን አትስሙ። ማኑቬላው አንዴ ሲዞር ከበሮው ስድስት ጊዜ የሚዞርበት ሪል ክር ቶሎ ይሰበስባል፣ ከባድ ዓሣ ከጅረት ለመጎተት ግን ሦስት ጊዜ የሚዞረው ይበልጣል።

ሪላችሁ ክር አደላዳይ ካለው፣ ወዲያ ወዲህ የሚመላለሰው ማለት ነው፣ ሲቆም በግድ አታዙሩት። ጠመዝማዛው ዘንግ ቦይ ውስጥ ደለል ገብቷል። በጥርስ ብሩሽ አጽዱት። ስር ያለችው ትንሽ ጥርስ ከተሰበረች እሷ ብቻ ትቀየራለች።

ሲገጠም

ብሎኖቹን ተራ በተራ ሳይሆን ትይዩ ትይዩውን እያጠበቃችሁ ሂዱ። ከዚያ የክሩን ጫፍ በሻንጣ ሚዛን ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ፍሬኑ መልቀቅ ያለበት ክሩ ከሚችለው ሩብ እስከ ሲሶ ላይ ነው። 15 ኪሎ የሚችል ክር ከሆነ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ማለት ነው። የሚዛኑ ቁጥር ከፍ ዝቅ ሳይል ከተጎተተ ሥራው ተሠርቷል። ከዘለለ ሮንዴላዎቹን እንደገና እዩ፣ አንዱ ተገልብጦ ወይም ጆሮው ሳይገባ ቀርቶ ይሆናል።

ሪሉን ስታስቀምጡ ኮከቡን አላሉት፣ ሮንዴላዎቹ ተጨምቀው አይክረሙ። እርጥብ ፌስታል ውስጥም አታስቀምጡት።

ዕቃ ስታዙ ደግሞ «የፔን ሪል ሮንዴላ» ብላችሁ አትላኩ። የሴናተር ሞዴሎች የሆኑት 113 እና 113 ኤች ስማቸው ቢቀራረብም ማርሻቸው ለየቅል ነው። የጎን ሽፋኑን ከነጽሑፉ ፎቶ አንሡ፣ ሞዴሉን እስከ መጨረሻዋ ፊደል ጻፉ። ፔን ለየሞዴሉ የዕቃ ሥዕል ከነቁጥሩ ያወጣል፣ የምትፈልጉትን ከዚያ ላይ አክብቡና ለዘመድ ላኩለት። እሱ ስለ ሪል ምንም ባያውቅም ቁጥሩን ብቻ አይቶ ይገዛል።