ታይሚንግ ቺንጋ መቼ ይቀየር? ጣርማበርን ለምትመላለሱ

ታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም የሞተሩ ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር ተናበው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ የሚያደርገው ባለጥርስ የጎማ ቀበቶ፣ ሊበጠስ ሲል አይነግራችሁም። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ ይጮኻል። ባትሪ ሲደክም ሞተሩ እየጎተተ ይነሳል። ይሄ ግን ጠዋት ከደብረ ብርሃን በሰላም አስነስቶ ጣርማበር ላይ ቀጥ ሊያደርጋችሁ ይችላል። ስለዚህ «ምልክት ሲያሳይ እቀይረዋለሁ» የሚለውን ነገር ተዉት። የሚቀየረው በሒሳብ ነው፤ በኪሎ ሜትርና በዓመት።

መጀመሪያ መኪናችሁ ቺንጋ ይሁን ቼይን (የብረት ሰንሰለት) ያለው እወቁ። ቪትዝና ያሪስ ቼይን ናቸው፤ ለእነሱ ዋናው ነገር ዘይት በጊዜው መቀየር ነው። በፈረንጅ 1990ዎቹ የተሠሩት ኮሮላዎች፣ የድሮዎቹ ናፍጣ ሃይሉክሶችና ሃይኤስ ሚኒባሶች ግን ቺንጋ ናቸው። ካልለየላችሁ የሞተሩን ፊት እዩ። ሽፋኑ በትናንሽ ብሎኖች የታሰረ ፕላስቲክ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ቺንጋ አለ፣ ብረት ከሆነ ደግሞ ቼይን።

ለብዙዎቹ ቶዮታዎች የሚሰጠው ልክ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ሌላ መኪና ከሆነ የራሱን መመሪያ ተከተሉ፣ ምክንያቱም ገና 60,000 ላይ ቀይሩ የሚሉም አሉ። ግን ይሄ ቁጥር የተመቸው መኪና ቁጥር ነው። የእኛ መንገድ ሌላ ነው። ከደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ብርድ ተነስታችሁ፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፋችሁ፣ በደብረ ሲና አድርጋችሁ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ፤ ያውም በአንድ ቀን ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ። ቺንጋ ጎማ ነው፤ ሙቀት ያደርቀዋል። ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ገጠር የምትገቡ ደግሞ አቧራው አለባችሁ። በዚህ ላይ ሚኒባስ መናኸሪያ ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል፣ ጠዋት በብርዱ እስኪሞቅም ይቆማል። ያን ሁሉ ጊዜ ቺንጋው ይዞራል፣ ቆጣሪው ግን አንድ ኪሎ ሜትር አይጨምርም። እኔ ይህን መስመር ለሚመላለስ ሰው 80,000 ላይ ቀይር ነው የምለው። ብዙ የማትነዱትም ዓመቱን ቁጠሩ። መኪናው ቆሞም ቢሆን ጎማ ያረጃል፤ ስድስት ሰባት ዓመት ከሞላው ይበቃዋል።

ያገለገለ መኪና የገዛችሁ በተለይ ይሄን ስሙኝ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር አትመኑት፤ ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከነዳሽቦርዱም ይቀየራል። ሻጩ «በቅርብ ነው የተቀየረው» ካለ ደረሰኙን ወይም ኮፈኑ ስር የተለጠፈውን ቀን ያሳያችሁ። ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና አሁኑኑ ቀይሩ። አንዳንድ ናፍጣ ቶዮታዎች ላይ የሚበራው «ቲ-ቤልት» የሚለው መብራትም ቺንጋውን አይቶ አይደለም የሚበራው፤ ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ነው። ከቀየራችሁ በኋላ ወደ ዜሮ ካልተመለሰ ሒሳቡ ይዛባል።

የላይኛውን ሽፋን ከፍቶ ማየትስ? ጥሩ ነው፣ ግን ለአንድ ነገር ብቻ። ስንጥቅ፣ የተበላ ጥርስ፣ የተተለተለ ጠርዝ ወይም ዘይት ካያችሁ ያኔውኑ ይቀየር። ደህና መስሎ ከታየ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ውስጡ ያለው ክር ሲደክም ከላይ አይታይም።

ሲቀየር ቺንጋውን ብቻ አታስቀይሩ። የሚወጥረው ኩሽኔታም አብሮ ይቀየር። ዘይት የሚያፈስ ጎሚኒ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግድ ጎማ) ካለ አሁን ነው ጊዜው፣ ዘይት አዲሱንም ቺንጋ ይበላዋል። የውሃ ፓምፑ በዚሁ ቺንጋ የሚዞር ከሆነ እሱም ይጨመር፤ ያለበለዚያ ነገ ለፓምፑ ብላችሁ ያንኑ የእጅ ዋጋ ደግማችሁ ትከፍላላችሁ። ዕቃ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጥርሱን ቆጥራችሁ አመሳክሩ። በጣም ረከሰ የተባለውን ተዉት። ሜካኒኩ ገጥሞ ሲጨርስ ከማስነሳቱ በፊት ሞተሩን በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ ቺንጋው በሚዞርባቸው ጥርሶች ላይ ያሉት የልክ ምልክቶች መገጣጠማቸውን ያሳያችሁ፤ ይሄን ለማድረግ የሚሰለች ከሆነ ሌላ ሜካኒክ ፈልጉ። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጽፋችሁ ኮፈኑ ስር ለጥፉ።

መንገድ ላይ ከተበጠሰ ሞተሩ ድንገት ይጠፋል። ቁልቁለት ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ ነፍሳችሁን አስቡ። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ ማገዣ ለጥቂት ርግጫ ብቻ ነው የሚቆየው፣ ስለዚህ ደጋግማችሁ አትርገጡ። አንዴ አጥብቃችሁ ያዙና ዳር አውጡት። መሪው ሊከብድ ስለሚችል በሁለት እጅ ያዙት። የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ቁልፉን አትንኩት! ደግሞ ለማስነሳት መሞከርም ሆነ አስገፍቶ ማስነሳት ጉዳቱን ያባብሰዋል። በ90ዎቹ ብዙዎቹ ቤንዚን ኮሮላዎች ላይ ቺንጋ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን አይገናኙም፤ አዲስ ቺንጋ አስገጥማችሁ ሞክሩት፣ በደህና ሊነሳ ይችላል። በናፍጣዎቹ ሃይኤስና ሃይሉክስ ላይ ግን ይጋጫሉ። እሱ እየተጎተተ ጋራዥ ይግባና ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተከፍቶ ይታይ፤ ይህ ሳይሆን አዲስ ቺንጋ እንዳታስገጥሙ።