ከቴሌግራም ወደ አይአርሲ ስትሄዱ የምትሰሯቸው ስህተቶች

ሊኑክስ የጫነ፣ ፓይተን የጀመረ ወይም ዊኪፔዲያ ላይ መጻፍ የሞከረ ሰው አንድ ቀን «አይአርሲ ግባና ጠይቅ» መባሉ አይቀርም። አይአርሲ በጽሑፍ ብቻ የሚወራበት የኢንተርኔት መወያያ ነው። ይገባል። ፎቶ የለ፣ ስቲከር የለ፣ ቮይስ የለ፤ ያለው ጽሑፍና የስም ዝርዝር ብቻ ነው። ሰላም ይላል። ዝም። ይወጣና «ባክህ እሱ ነገር ሞቷል» ብሎ ያወራል።

አልሞተም። ያርኮ ኦይካሪነን የሚባል ፊንላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1988 ኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሰራው ነገር ነው፣ ዛሬም ትልልቅ የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክቶች እዚያ ያወራሉ። ኔትወርክ ደካማ የሆነበት ቦታ ላይ እንኳን ይሰራል፣ ምክንያቱም የሚላከው ጽሑፍ ብቻ ነው። ችግሩ የቴሌግራም ልማዳችንን ይዘን መግባታችን ነው። ቴሌግራም ሁሉን ነገር ያስቀምጥላችኋል። አይአርሲ በራሱ ምንም አያስቀምጥላችሁም። አብዛኛው ስህተት ከዚህ ነው የሚመጣው።

በድሮ መመሪያ መግባት

አይአርሲ አንድ ቦታ አይደለም፣ ኔትወርክ የሚባሉ የተለያዩ የሰርቨር ስብስቦች አሉት። ብዙ የቆየ መመሪያ «ፍሪኖድ ላይ ግቡ» ይላል፣ አንዱ ኔትወርክ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ፍሪኖድን ያስተዳድሩ የነበሩት በጎ ፈቃደኞች ከባለቤቱ ጋር ተጣልተው በጅምላ ወጡና ሊቤራ ቻትን መሰረቱ። ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስም የዊኪፔዲያው ዊኪሚዲያም ተከትለዋቸው ሄዱ። ሌላው ሊኑክስ ዴቢያን ደግሞ ኦኤፍቲሲ የሚባል ሌላ ኔትወርክ ላይ ነው። ኔትወርኮቹ እርስ በርስ አይገናኙም፤ አንዱ ላይ ያስመዘገባችሁት ስም ሌላው ላይ አይሰራም፣ የቻናሉ (የመወያያ ክፍሉ) ስም አንድ ቢሆን እንኳን ሰዎቹ ሌሎች ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የፕሮጀክቱን ድረ ገጽ እዩ። መመሪያው ፖርት (የሰርቨሩ መግቢያ ቁጥር) 6667 ካላችሁ ደግሞ 6697ን ተጠቀሙ፣ እሱ የምትልኩትን መስጥሮ ነው የሚያሳልፈው።

«ሰላም ናችሁ? ጥያቄ ነበረኝ»

እኛ ጋ ሰላምታ ሳይጨርሱ ጉዳይ መጀመር ነውር ነው። እዚያ ግን ጀማሪው እንዲህ ያደርጋል፦

«ሰላም»
«ሰው አለ?»
«ስለ ዋይፋይ የሚያውቅ አለ? ጥያቄ ነበረኝ»

ከዚያ አምስት ደቂቃ ይጠብቅና ይወጣል። የሚያውቀው ሰው ቢያየው እንኳን ምን ብሎ ይመልስ? ጥያቄው ገና አልመጣም። በአንድ መልእክት ጨርሱት፦ «ሰላም፣ ኡቡንቱ 24.04 ጭኜ ዋይፋዩ ጭራሽ አይታይም፤ ላፕቶፑ ይሄ ነው፣ ይሄን ትእዛዝ ስሰጠው ይሄን ይላል»። በቃ። የምትጽፉት በእንግሊዝኛ ቢሆንም ስለ እንግሊዝኛችሁ ይቅርታ አታብዙ። የሚጠብቁት የስህተት መልእክቱን ነው፣ ሰዋስው የሚያርም የለም።

ጠይቆ መጥፋት

ይሄ ከሁሉም የባሰው ነው። ዝርዝሩ ላይ ስድስት መቶ ስም ስላያችሁ ስድስት መቶ ሰው እያነበበ አይደለም። ብዙው የአይአርሲ ፕሮግራሙን ከፍቶ ሥራው ላይ ነው፣ ወይም ተኝቷል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ስትጠይቁ ኒውዮርክ ላይ ከሌሊቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሞክሩት፤ አውሮፓው ከሥራ ወጥቷል፣ የኒውዮርኩ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። መልስ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ እናንተ ከወጣችሁ ግን ተመልሳችሁ ስትገቡ አታገኙትም። አይአርሲ ራሱ ያለፈውን አያሳያችሁም። ብዙ የሚመላለስ ሰው ዜድኤንሲ የመሰለ ፕሮግራም ሁልጊዜ የሚሰራ ሰርቨር ላይ ይጭናል፤ እሱ በሰውየው ስም ቻናሉ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅለታል። ለጀማሪ ግን ፕሮግራሙን ክፍት ትቶ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ ይበቃል።

መብራት ሲሄድ ምን ይሆናል? ሰርቨሩ መውጣታችሁን ቶሎ አያውቅም። ስትመለሱ ስማችሁ «ተይዟል» ይባልና ፕሮግራሙ መጨረሻው ላይ የታች ሰረዝ (_) ጨምሮ ያስገባችኋል። ማንም አልሰረቃችሁም፣ የያዛችሁት ራሳችሁ ናችሁ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ወይም ስሙን ካስመዘገባችሁ በሪጌይን ትእዛዝ አስመልሱት።

የይለፍ ቃልን ለሕዝብ ማንበብ

ስም የሚመዘገበው ኒክሰርቭ በሚባል ሮቦት በኩል ነው። የምዝገባውም የመግቢያውም ትእዛዝ በስላሽ (/) ይጀምራል፣ ውስጡ የይለፍ ቃላችሁ አለ። እንግዲህ ከስላሹ በፊት አንዲት ስፔስ ሳታውቁት ገባች እንበል። ከመመሪያ ላይ ኮፒ ስታደርጉ ደግሞ ትገባለች። በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ትእዛዝነቱ ይቀራል፣ ተራ መልእክት ይሆናል፣ ቻናሉ ላይ ያለ ሁሉ የይለፍ ቃላችሁን ያነባል። የአማርኛ ኪቦርድ ሳታጠፉ ከጻፋችሁም ትእዛዙ አይሰራም፤ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ነገር ቻናሉ ውስጥ ሆናችሁ አትጻፉ፣ የሰርቨሩ የራሱ መስኮት አለ፣ እዚያ ጻፉ። ካመለጣችሁ ወዲያው ቀይሩት፣ መሰረዝ የሚባል ነገር የለም። ደግሞ አንዱ ቀልደኛ «የይለፍ ቃልህን ብትጽፍ ለኛ ኮከብ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ሞክረው» ቢላችሁ በጣም ያረጀ ቀልድ ነው። ዛሬም የሚበላው ሰው አለ።

«ኢንቦክስ ላድርግህ?»

አንድ ሰው በደንብ ከመለሰላችሁ በግል ተከትላችሁት አትሂዱ። ፌስቡክ ላይ ለምደነው ነው እንጂ እዚያ ሳይፈቀድ በግል መጻፍ ያስቀይማል። ደግሞ ሰውየው ቢሳሳት ቻናሉ ላይ ያለው ሌላ ሰው ያርመዋል፣ በግል ከሆነ ግን ተያይዛችሁ ነው የምትሳሳቱት።

ሃምሳ መስመር መለጠፍ

የስህተት መልእክቱን በሙሉ ቻናሉ ላይ ከለጠፋችሁ ወይ ሰርቨሩ ራሱ ያባርራችኋል፣ ወይ ኦፐሬተሩ (የቻናሉ አስተዳዳሪ)። ብዙዎቹ ቻናሎች ለዚህ የሚሆን የመለጠፊያ ድረ ገጽ አናታቸው ላይ ጽፈዋል። እዚያ አስቀምጡና ሊንኩን ስጡ።

እኛን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። የአይአርሲ አንድ መልእክት ከነአድራሻው 512 ባይት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይወስዳል፣ የኛ «ሀ» ግን ሦስት። ስለዚህ አማርኛ ስትጽፉ ስፔሱን ሳንቆጥር ከ150 ፊደል ብዙም አታልፉም። አንዳንዱ ፕሮግራም ራሱ ከፋፍሎ ይልካል፣ አንዳንዱ ግን ጭራውን ይቆርጠዋል፣ እናንተ ደግሞ ሙሉውን የላካችሁ ይመስላችኋል። አጭር አጭር አድርጉት። ስማችሁንም በግዕዝ ፊደል ላድርግ አትበሉ፣ ሊቤራ አይቀበልም፤ በላቲን፣ ከ16 ፊደል ሳይበልጥ።

ማንም አያየኝም ማለት

ስማችሁ የውሸት ቢሆንም አጠገቡ የአይፒ አድራሻችሁ ሊታይ ይችላል። ስም ስታስመዘግቡ ኔትወርኩ አይፒውን የሚደብቅ መሸፈኛ የሚሰጥ ከሆነ ጠይቁና ውሰዱ። የአንዳንድ ቻናሎች ወሬ ደግሞ ተመዝግቦ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፣ የኡቡንቱዎቹ ለምሳሌ። ስልክ ቁጥርና የመሥሪያ ቤት ሚስጥር አትጣሉበት።

የራስን ቻናል ከፍቶ አለማስመዝገብ

የአማርኛ ቻናል ልክፈት የሚል አይጠፋም፣ ጥሩ ነው። የሌለ ስም ጽፋችሁ ስትገቡ ቻናሉ ይፈጠራል፣ ኦፐሬተሩም እናንተ ናችሁ። ግን ኔትወርክ ተቆርጦ ከወጣችሁ ሥልጣኑ ይቀራል፣ ሁሉም ሰው ከወጣ ደግሞ ቻናሉ ራሱ ይጠፋል። በዚያው ቀን ቻንሰርቭ በሚባለው የቻናል መዝጋቢ ሮቦት ላይ አስመዝግቡት። ሊቤራ ላይ ከሆነ ስሙ በሁለት ሃሽ (##) ይጀምር፤ አንድ ሃሽ የሚያዘው ለፕሮጀክቶች ነው።