የጅማ እርጥበትና የሜካፕ ብሩሽ፦ ችግርና መፍትሄ

በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድባት ጅማ፣ ክረምት ላይ የተሰጣ ልብስ እንኳ በአንድ ቀን አይደርቅም። የሜካፕ ብሩሽም ከዚህ አያመልጥም። ብዙ ጊዜ ብሩሽ የሚበላሸው ሳይታጠብ ቀርቶ አይደለም፤ ታጥቦ በደንብ ስላልደረቀ ነው። ውሃው የሚደበቀው ፀጉሩን ከእጀታው ጋር ባያያዘው ብረት ውስጥ ነው። ይህን ብረት አንገት እንበለው። ፀጉሩን የያዘው ሙጫም ያለው እዚያው ነው።

ታጥቦም ይሸታል

ጫፉ ደርቆና ለስልሶ ሳለ፣ አፍንጫ ላይ ሲያስጠጉት እርጥብ ጨርቅ የሰነበተበት ሽታ አለው። ምክንያቱ አንገቱ ውስጥ የቀረው ውሃ ነው። ብሩሹ እንደታጠበ ብርጭቆ ውስጥ ፀጉሩ ወደ ላይ ሆኖ ከቆመ፣ ውሃው በሙሉ ወደ ሙጫው ይወርዳል። እርጥብ እንዳለ በፌስታል ወይም በዚፕ ቦርሳ ከተዘጋበት ደግሞ መውጫ ያጣና ይሻግታል።

እንደገና እጠቡት። ለብ ያለ፣ እጅ የማያቃጥል ውሃ እና የአተር ፍሬ የምታህል የሕፃን ሻምፖ ይበቃሉ። ፀጉሩን ወደ ታች አዘንብላችሁ አርጥቡት፣ መዳፋችሁ ላይ በቀስታ እያዞራችሁ እሹት፣ አረፋው ነጭ እስኪሆን ድገሙት። ውሃ በጠፋ ቀን ከጀሪካን በጣሳ እያፈሰሱ ማለቅለቅ ይቻላል፤ እንዲያውም ሳፋ ውስጥ ከመዘፍዘፍ በጣም ይሻላል። ከዚያ በንጹህ ፎጣ ከአንገቱ ወደ ጫፉ ጨመቅ አድርጉት፤ መጠምዘዝ ግን የለም።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። የታጠበ ቡና መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ የሚሰጣው ከሥርም ከላይም ነፋስ እንዲያገኘው ነው። ብሩሽም እንደዚያው ይፈልጋል። እጀታውን ጠረጴዛ ላይ አስተኙ፣ ፀጉሩ ከጠርዙ ወጥቶ አየር ላይ ይንጠልጠል፤ የእጀታውን ጫፍ በታጠፈ ጨርቅ ትንሽ ከፍ ብታደርጉት ውሃው ወደ ፀጉሩ ይወርዳል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ቀጭን የዓይን ብሩሽ በአንድ ሌሊት ይደርቃል፣ ወፍራሙ የፋውንዴሽን ብሩሽ 24 ሰዓት ይፈልጋል። ክረምት ላይ ለወፍራሙ ሁለት ቀን ስጡት። ጫፉን ዳስሳችሁ ደርቋል አትበሉ፤ ፀጉሩን ከፈል አድርጋችሁ ሥሩን የላይኛው ከንፈራችሁ ላይ አስነኩት። ቀዝቀዝ ካለ ገና ነው።

ለማፋጠን ብሎ ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ወይም ካስክ (የፀጉር ቤት ሙቅ ማድረቂያ) ሥር ማድረግ ሰው ሠራሹን ፀጉር ያጣምመዋል፣ ሙጫውንም ያላላዋል። ቀዝቃዛ አየር የሚሰጥ ማድረቂያ ካላችሁ ችግር የለውም። በእጣን ጭስ ወይም በሽቶ ሽታውን መሸፈን ግን ሻጋታውን እዚያው ትቶ ፊት ላይ መቀባት ነው። ሁለት ጊዜ ታጥቦ፣ በደንብም ደርቆ አሁንም ከሸተተ ጣሉት። ስፖንጅ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ደግሞ ማጠቡ አያድነውም፤ ወዲያው ይጣል።

ፀጉሩ ይረግፋል፣ አንገቱ ይነቃነቃል

አዲስ ብሩሽ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት እጥበቶች ጥቂት ፀጉር ቢጥል አያስጨንቅም፤ ሲሠራ በሙጫ ያልተያዘ ትርፍ ፀጉር ነው። በየቀኑ ፊት ላይ ፀጉር የሚጥል ከሆነ ግን ሙጫው ለቋል። አንገቱ ድረስ መዘፍዘፍ፣ ሙቅ ውሃ፣ እንዲሁም ዘይት ወደ ውስጥ መግባቱ ሙጫውን ያላላሉ። የእንጨት እጀታ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በዚህ መሃል ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ አንገቱም ይላቀቃል።

ፀጉሩ ደህና ሆኖ እጀታው ብቻ ከወጣ፣ ሁለቱንም አንድ ቀን አድርቁ፣ የእጀታውን ጫፍ በትንሽ ሱፐር ግሉ ቀብታችሁ መልሱት፣ ሳትነኩት እስከ ማግስቱ ይቆይ። ፀጉሩ ከሥሩ እየወጣ ከሆነ ግን መጠገኛ የለውም። ሱፐር ግሉ ፀጉሩ ላይ ብታፈሱ ደርቆ ቆዳ የሚቧጭር እሾህ ይሆናል።

ፋውንዴሽኑ መስመር ይሠራል

የብሩሹን ፀጉር በጣት ከፈል አድርጋችሁ ሥሩን እዩ። እዚያ የደረቀ ቡናማ ንብርብር ካለ፣ ሻምፖው ላዩን ብቻ ነው ያጠበው። ፋውንዴሽንና ሊፕስቲክ ቅባት ስላላቸው በቅባት ይለቃሉ፦ 3 ወይም 4 ጠብታ የምግብ ዘይት መዳፍ ላይ አድርጋችሁ ደረቁን ብሩሽ በጫፉ በኩል እሹበት፣ በሶፍት ጥረጉት፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ በሻምፖ እጠቡት። ዘይት እንዳይቀር ሁለተኛው እጥበት አይዘለል። ለሰው ሠራሽ ብሩሽ አንድ ጠብታ ላርጎ በውሃ ቀጥኖ ይሠራል። ኦሞና በረኪና ግን አይነኩት።

ይደድራል፣ ፊት ይቧጥጣል

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በደንብ ያልተለቀለቀ ሳሙና ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ፣ ጫፉን ብቻ ለ2 ደቂቃ አስነኩትና በንጹህ ውሃ አለቅልቁ። የእንስሳ ፀጉር ከሆነ ከዚያ በኋላ ትንሽ ኮንዲሽነር ይወዳል፤ ለሰው ሠራሹ አያስፈልግም። የቱ እንደሆነ ካላወቃችሁ ከብሩሹ የወደቀ አንድ ፀጉር በክብሪት አቃጥሉ፦ የእንስሳው እንደ ተቃጠለ ፀጉር ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ትንሽ እንክብል ይሠራል።

ጫፉ ተበትኗል

እርጥብ እያለ በጣት አስተካክላችሁ ከፋርማሲ በተገዛ ጎዝ ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ እንደዚያው ይድረቅ።

ፊት ላይ ብጉር፣ ዓይን ላይ መቅላት

ይህ ከቆሸሸ ብሩሽ ሊመጣ ስለሚችል፣ ለግል የሚያገለግል የፋውንዴሽን ብሩሽ በሳምንት አንዴ፣ የፓውደርና የብላሽ ብሩሽ በሁለት ሳምንት አንዴ ይታጠብ። ሙሽራና ሚዜዎች በተከታታይ ለሚያስውቡ ሰዎች ይህ ልክ አይሠራም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ንጹህ ብሩሽ ያስፈልጋል። ሥራው ከበዛ ሁለት ስብስብ ያዙ፣ ከሰው ወደ ሰው ስትሸጋገሩ መጀመሪያ ቀለሙን በሶፍት ጥረጉ፣ ቀጥሎ 70 በመቶ አልኮል ነፍታችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪተን ጠብቁ። ከዚህ የበረታ አልኮል የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ቶሎ ይተናል፣ ጀርሙን ለመግደልም ውሃው ያግዛል። አልኮል ከከሰል ምድጃ ይራቅ፣ እጥበትንም አይተካም። የቀላ ወይም ፈሳሽ ያለው ዓይን ግን አይኳልም፤ በዚያ ዓይን ላይ የዋለ የማስካራ ብሩሽም ይጣል።

ክረምቱን ብሩሾቹን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ከጫማ ካርቶን የምትገኘዋን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አብራችሁ አስቀምጡ፣ ከማስቀመጣችሁ በፊት ግን የከንፈሩን ፈተና ድገሙ።