የ«ዘ ሶፕራኖስ»ን መጨረሻ ከወዳጅ ጋር አይቶ የሁሉንም አስተያየት እንዴት መስማት ይቻላል?

መጀመሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህ ጽሑፍ የድራማውን መጨረሻ ይናገራል። ገና ያላያችሁት ካላችሁ እዚህ ጋ አቁሙና 86ቱንም ክፍል ጨርሳችሁ ተመለሱ። የምሬን ነው።

«ዘ ሶፕራኖስ» በአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ በኤችቢኦ መታየት የጀመረው በፈረንጆቹ ጥር 1999 ነው። ያለቀው ደግሞ በፈረንጆቹ ሰኔ 10 ቀን 2007፣ በእኛ ሰኔ 3 ቀን 1999 ዓ.ም.። በእነሱ 1999 ተጀምሮ በእኛ 1999 አለቀ፤ ሚሊኒየማችን ሊገባ ሦስት ወር ሲቀረው። ታሪኩ የኒው ጀርሲው የማፊያ አለቃ ቶኒ ሶፕራኖ ነው። ቤት ውስጥ አባትና ባል፣ ውጭ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ። ጭንቀት ሲጥለው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጋ ይሄዳል። የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ደራሲያን ማኅበር በፈረንጆቹ 2013 በአጻጻፉ ከቴሌቪዥን ሥራዎች ሁሉ አንደኛ አድርጎ መርጦታል። መጨረሻው ግን እስከ ዛሬ ሰው ያከራክራል።

እኔ አራት ኪሎ ነው የምኖረው፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም ሳይርቅ። ሁለት ጊዜ ሰው ቤቴ ጠርቼ ይህን የመጨረሻ ክፍል አሳይቻለሁ። የመጀመሪያውን አበላሸሁት። ሁለተኛው እንደዚያ ያለ ምሽት ደግሞ ይምጣልኝ የሚያሰኝ ነበር። በሁለቱ መካከል የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ።

ደረጃ 1፦ ሰው መምረጥ

ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ሁሉም ድራማውን ከመጀመሪያው ያየ ቢሆን ጥሩ ነው። አንድ ያላየ ሰው ቢቀላቀል ችግር የለውም፤ መሃል ላይ «ይሄ ደግሞ ማነው?» እያሉ መጠየቅ እንደሌለ ግን ቀድማችሁ ንገሩት።

በዕድሜ ቀላቅሉ። ይህን በጣም እመክራለሁ። በቪዲዮ ቤት ያደገ ሰውና ሞባይሉ ላይ ያደገ ልጅ አንድ ዓይነት መጨረሻ አይጠብቁም። እኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ስናይ አንድ ሕግ ነበር፦ አክተሩ አይሞትም። ያ ሕግ ውስጣችን ቀርቷል። ቶኒ ክፉ ሰው መሆኑን እያወቅን እንኳን «አክተሩ ነው እኮ!» እንላለን።

እሁድ ከሰዓት፣ 10 ሰዓት ላይ ጀምሩ። ክፍሉ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ውይይቱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ታክሲ ሳይጠፋ ሰው ቤቱ ይገባል።

ደረጃ 2 እና 3፦ ዕቃውና ቡናው

በላፕቶፕ አሳዩ። ባትሪው ሙሉ ይሁን። ላፕቶፑን ከትልቅ ቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት ትችላላችሁ፣ እኔ ግን ለዚህ ክፍል ላፕቶፑን ብቻ እመርጣለሁ። መብራት ቢሄድ ፊልሙ አይቋረጥም።

ኢንተርኔት ላይ ቀጥታ አትመኑ፤ ቀድማችሁ አውርዱት። በፍላሽ ያስጫናችሁት ከሆነ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ብቻችሁን ፈትሹ። መጨረሻ ላይ የተዋናዮችና የሠሪዎች ስም የሚዘረዘርበት ተቆርጦ የተጫነ ቅጂ ገጥሞኛል። ለሌላ ፊልም ምንም አይደለም። ለዚህ ግን ገደል ነው፤ ምክንያቱን ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ላፕቶፑ በራሱ ወደ ሌላ ቪዲዮ የሚያልፍበትንም አጥፉት።

በላዩ ላይ አማርኛ እየተተረከ የሚሄደውን ቅጂ አትጠቀሙ። ሰው እንዲገባው ተብሎ የሚሠራ መሆኑን አውቃለሁ፣ የሚሠሩትንም አከብራለሁ። ነገር ግን የመጨረሻው ትዕይንት የሚነግረን በበር ደወልና በዝምታ ነው። ተራኪ ከገባበት አለቀለት። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሥር ይኑር፣ ይበቃል።

ቡናው በከሰል ይፈላ። በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍልተን ብሬከር ወርዶብን ያውቃል። ቆልታችሁ፣ ወቅጣችሁ፣ ጀበናውን ጥዳችሁ ጨርሱና ከዚያ ፊልሙን ክፈቱ። አቦሉ የሚቀዳው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

ደረጃ 4፦ ጥቁሩ

ከባዱ ይሄ ነው። ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ቶኒ አንድ ምግብ ቤት ገብቶ ይቀመጣል። ዘፈን ይመርጣል። በሩ ላይ ደወል አለ፤ ሰው በገባ ቁጥር ይደወላል፣ ቶኒ ቀና ይላል። ሚስቱ ካርሜላ ትገባለች። ልጁ ኤጄ ይገባል። ጃኬት የለበሰ አንድ ሰውዬ ባንኮኒው ጋ ተቀምጦ ቆይቶ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሄዳል። ውጭ ሴት ልጁ ሜዶው መኪናዋን ማቆም አቅቷት ትታገላለች። የተጠበሰ ሽንኩርት ይመጣል፣ ይበላሉ። ሜዶው እየሮጠች ትመጣለች። ደወሉ ይደወላል። ቶኒ ቀና ይላል። ከዚያ ጥቁር። ድምፅም የለም፣ ዘፈኑም ተቆርጧል። አሥር ሰከንድ ያህል ባዶ ጥቁር። ከዚያ ያለ ሙዚቃ ስም ይዘረዘራል።

መጀመሪያ በታየበት ዕለት አሜሪካ ውስጥ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አይቶታል። ብዙዎቹ ኬብላቸው የተቋረጠ መስሏቸው ነበር። እንግዲህ በእነሱ አገር እንዲህ ከሆነ በእኛ ሰፈር ምን እንደሚሆን አስቡት።

የመጀመሪያው ምሽት ዘጠኝ ሆነን ነበር። ከሰዓቱን መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጥቷል። የምናየው ቴሌቪዥን ላይ ነው። እኔ ራሴ መጨረሻውን አላየሁትም ነበር፤ ከሰው ጋር ላየው ብዬ አስቀምጬው ነው። ስክሪኑ ሲጠቁር «ሄደ!» ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ። አንዱ የሞባይል ባትሪ አበራ። ሌላው የጎረቤት መብራት አለ ወይ ብሎ በር ከፈተ። ዞር ስንል ስም እየተዘረዘረ ነው። አሥሩ ሰከንድ አለፈ። ወደ ኋላ መልሼ እንደገና አሳየሁ፤ ያን ድንጋጤ ግን መልሼ ልሰጣቸው አልቻልኩም። አንዱ ጓደኛዬ ሙሉውን ድራማ በየምሽቱ አንድ ክፍል እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ለወራት ያየ ሰው ነው። ፊቱ አሁንም ትዝ ይለኛል። ይህ እንዳይደርስባችሁ።

መፍትሔው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ትንሽ አምፖል ላፕቶፑ አጠገብ ሰክታችሁ አብሩ። በግድግዳው መብራት የሚሠራ እንጂ ቻርጅ የሚደረግ አይሁን። ስክሪኑ ሲጠቁር አምፖሉ በርቶ ከቀጠለ መብራት እንዳልሄደ የሁሉም ዓይን ያለ አስረጂ ያያል። ይህን ዘዴ ያገኘሁት ከዚያ ምሽት በኋላ ነው፣ ከማንኛውም ዕቃ በላይ የጠቀመኝም እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ለሰው የምትናገሩትን ቃል ተጠንቀቁ። «መጨረሻ ላይ ይጠቁራል፣ እንዳትደነግጡ» ካላችሁ ፊልሙን ገደላችሁት። እኔ በሁለተኛው ምሽት ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ «የሚነሳ ሰው አይኖርም። መብራት ቢሄድም ባትሪ አለን፣ እኔ አየዋለሁ።» ሞባይሎቹን ሰፌድ ላይ ሰብስቤ ጓዳ አስገባሁ።

ሦስተኛ፣ ጥቁሩ ካለፈ በኋላም እጃችሁን ሰብስቡ። ስሙ ተዘርዝሮ እስኪያልቅ አትዝጉ። ያ ዝምታ የትዕይንቱ ክፍል ነው። ለዚህ ነው የተቆረጠ ቅጂ ገደል ነው ያልኩት። በሁለተኛው ምሽት ቤቱ ውስጥ የሰው ትንፋሽና የጀበና ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ማንም አልተነሳም።

ሁሉም እንግዶቻችሁ ከዚህ በፊት መጨረሻውን አይተውት ከሆነ ይህን ሁሉ ዝለሉት።

ደረጃ 5፦ ከአፍ በፊት ወረቀት

በመጀመሪያው ምሽት ሌላም ስህተት ነበር። ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁላችንም እናከብራቸዋለን። ልማዳችን ነውና ቀድመው ተናገሩ። «ደራሲው መጨረሻ ስላጣ አቋረጠው» አሉ። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሁሉ «ጋሼ እንዳሉት» እያለ ነው የጀመረው። ስምንት ሰው፣ አንድ አስተያየት። ሰዎቹ ሌላ ነገር ተሰምቷቸው እንደነበር ያወቅሁት በኋላ በየግል ሲነግሩኝ ነው።

ስለዚህ አቦሉ ሳይቀዳ ወረቀትና እስክሪብቶ አድሉ። ማንም አይናገርም። አምስት ደቂቃ። ጥያቄው ሁለት ነው፣ ሁለቱም ተለይተው ይጻፉ፦ ምን ሆነ? ምን ተሰማህ? እነዚህን ካልለያችሁ ሰው ይምታታበታል። «አልወደድኩትም» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ «አልገባኝም» ማለቱ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በደንብ ገብቶት ነው የተናደደው። ስም አይጻፍ። ሰብስባችሁ ቀላቅሉና አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ።

በሁለተኛው ምሽት ከወጡት ወረቀቶች ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

አንዱ፦ «ሞቷል። እኔ የተሰማኝ ግን ለሜዶው ነው። በሩን ከፍታ የምታየውን አስቤ።»

ሌላው፦ «አክተሩ አልሞተም። ካልታየ አልሞተም።»

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነች ልጅ እንደጻፈችው በኋላ ያወቅነው፦ «ሞተም አልሞተም ደወሉ ነው የከበደኝ። በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። ዕድሜ ልኩን እንደዚያ ሆኖ ራት ሊበላ ነው።»

ቡናውን ያፈሉልን እትዬ ድራማውን ተከታትለው አያውቁም። ልጃቸው የጻፈችላቸው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ማዕዱ ሳይሟላ ተቆረጠ። እናትየዋ መጣች፣ ወንዱ መጣ፣ ሴቷን ሲጠብቁ ቀረ።» ይህ ሲነበብ ቤቱ ጸጥ አለ። 86 ክፍል አይተን ያን ማንኛችንም አላልንም።

አንድ ወረቀት ላይ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ፈራሁ።» ጋሼ ቀስ ብለው «ያ የእኔ ነው» አሉ።

ከዚያ ወሬው ይከፈት። ከታናሽ ወደ ታላቅ ይሂድ። ታላቅን ማስቆም ነውር እንዳይሆን ቀድማችሁ አነጋግሩ። እኔ ጋሼን በር ላይ ስቀበላቸው «መደምደሚያውን እርስዎ ነዎት የሚሰጡን» ብዬ ነበር። ደስ ብሏቸው ሌላውን ሲያዳምጡ ቆዩ።

ደረጃ 6፦ ወደ ኋላ መልሶ ማየት

ቶናው ሲቀዳ የምግብ ቤቱን ትዕይንት እንደገና ክፈቱ። አምስት ደቂቃ አይሞላም። አሁን እያቆማችሁ ማውራት ይቻላል።

ደወሉን ተከተሉ። ደወል፣ የቶኒ ፊት፣ ከዚያ ቶኒ የሚያየው። ይህ ይደጋገማል። በመጨረሻው ደወል ፊቱን እናያለን፣ ቀጥሎ እሱ የሚያየው መምጣት አለበት። የመጣው ጥቁር ነው። ሞቷል የሚሉት ሰዎች ትልቁ ማስረጃቸው ይሄ ነው። በዚሁ በመጨረሻው፣ በስድስተኛው ሲዝን የቶኒ እህት ባል ቦቢ ሐይቅ ላይ ጀልባ ውስጥ ሆኖ ለቶኒ ሞት ሲመጣ ምናልባት አይሰማም ብሎት ነበር። ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል ቦቢ ራሱ ተገድሏል፣ ቶኒም ያን ቃሉን ሲያስታውስ ይታያል። ያንን ቅንጭብ አብራችሁ አሳዩ።

በሌላ በኩል ያሉትንም አድምጡ። ለእነሱ ነጥቡ ሥጋቱ ነው፤ ጠበቃው ክስ እየመጣ እንደሆነ ነግሮታል፣ ጠላቱ ፊል ቢሞትም ሰላም የለም። እኔ ሞቷል ባይ ነኝ። ግን ያቺ ተማሪ ስለ ደወሉ የጻፈችውን ሳስብ እርግጠኝነቴ ይላላል።

የኢንተርኔት ማብራሪያ ቪዲዮ በዚህ ሰዓት የሚከፍት ሰው ይኖራል። ከልክሉት። ፈጣሪው ዴቪድ ቼዝ ለዓመታት ላብራራ አልፈልግም ሲል ቆይቶ፣ በፈረንጆቹ 2021 በሰጠው ቃለ ምልልስ መጀመሪያ አስቦት የነበረው ቶኒ ወደ ኒው ዮርክ ስብሰባ ሲሄድ የሚገደልበትን መጨረሻ እንደነበር ተናግሯል። ይህን ሁሉም ተናግሮ ካበቃ በኋላ፣ በረካው ላይ ንገሯቸው። ቀድማችሁ ካወጣችሁት የቼዝም ቃል «ጋሼ እንዳሉት» ይሆናል።

ቶኒን የተጫወተው ጄምስ ጋንዶልፊኒ በፈረንጆቹ 2013 በ51 ዓመቱ ሮም ውስጥ አርፏል። እኛ ጋ ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ነበር፣ ሲሰማ እውነተኛ ሐዘን ነው ያዘነው። ለዚያም ጊዜ ተዉ።

ደረጃ 7፦ ወረቀቶቹ

አትጣሏቸው። ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉበት። እኛ ለመሸኘት ወርደን በሩ ላይ ሌላ ግማሽ ሰዓት ቆመናል። ጋሼ ወደ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ስልክ ደውለው አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ የእትዬን ወረቀት ገልብጬ እንዳስቀምጥላቸው። በማግስቱ ጠዋት ወሰድኩላቸው።