ጥይት በቤት መልሶ መሙላት ለጀመሩ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ጥይት መልሶ መሙላት ማለት አንድ ጊዜ የተተኮሰን የናስ ቀለህ አጽድቶና ወደ ልኩ መልሶ፣ አዲስ ፕራይመር፣ የተመዘነ ባሩድና አዲስ አረር በማስገባት ዳግም ለተኩስ ማዘጋጀት ነው። ፕራይመር የምንለው በቀለሁ ግርጌ መካከል የተቀመጠችውንና መርፌ ሲመታት ብልጭታ የምትሰጠውን ትንሽ መለኮሻ ነው፤ አረር የምንለውም በአፈሙዝ በኩል የሚወጣውን ክፍል ብቻ ነው። ሕጉ በሚፈቅድባቸው አገሮች የዒላማ ተኳሾችና አዳኞች ለረጅም ዘመን የያዙት የትርፍ ጊዜ ሥራ ሲሆን፣ ትዕግሥተኛ ለሆነ ሰው ትልቅ እርካታ ይሰጣል።

የሥራው አስቸጋሪነት ችግሩ የሚታይበት ቦታና የተወለደበት ቦታ አንድ አለመሆናቸው ነው። በተኩስ ሜዳ ላይ የከሸፈው ጥይት የተበላሸው ምናልባት ከሳምንታት በፊት በሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ሠሪው ለአፍታ ቀና ባለባት ቅጽበት ነው። ስለዚህ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚያስፈልገው ማስታወሻ ደብተር ነው። እያንዳንዱ ሣጥን የተሞላበት ቀን፣ የባሩዱ ዓይነትና መጠን፣ የፕራይመሩ ዓይነት፣ የአረሩ ክብደት፣ የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመትና ቀለሁ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ካልተጻፈ፣ ከታች ያሉትን ምልክቶች ወደ ምክንያታቸው መመለስ አይቻልም። የባሩድ መጠን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አልሰጥም፤ መጠኑ መወሰድ ያለበት ባሩዱን ወይም አረሩን የሚያመርተው ድርጅት ካሳተመው መመሪያ ብቻ ነው። ባሩድና ፕራይመር በቤት ማስቀመጥም ሆነ ጥይት መሙላት ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ አስቀድሞ ከሚኖሩበት አገር ሕግ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ተኩሱ የደከመ ድምፅ ሲሰጥ

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የማነሳው ሰው የሚጎዳበት ዋናው በር ስለሆነ ነው። ምላጩ ሲሳብ ከተለመደው ፍንዳታ ይልቅ የታፈነ ድምፅ ከተሰማ፣ መሣሪያው በትከሻ ወይም በመዳፍ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከቀነሰ፣ ወይም ዒላማው ላይ ቀዳዳ ካልታየ፣ ቀለሁ ውስጥ ባሩድ አልነበረም ወይም በጣም ጥቂት ነበር ብሎ መጠርጠር ይገባል። ፕራይመሯ ብቻዋን አረሩን ከቀለሁ አውጥታ ወደ አፈሙዙ ቧንቧ ለመግፋት የሚበቃ ጉልበት አላት፤ አውጥታ ለመጣል ግን አትችልም። አረሩ በመንገድ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ቀጥሎ የሚተኮሰው ጥይት በተዘጋው ቧንቧ ውስጥ ሲመጣ ቧንቧው ያብጣል ወይም ይፈነዳል።

መፍትሄው መቆም ነው። አፈሙዙን ወደ ዒላማው አቅጣጫ እንደያዙ ከ30 ሰከንድ ያላነሰ ጊዜ መጠበቅ፣ ከዚያ መሣሪያውን ባዶ ማድረግና በቧንቧው ውስጥ ብርሃን ማለፍ አለማለፉን መመልከት ያስፈልጋል። አረር ከተሰካ፣ ባዶነቱ በተረጋገጠ መሣሪያ ውስጥ የናስ ዘንግ አስገብቶ ቀስ እያሉ በመምታት ይወጣል፤ ይህን አድርጎ የማያውቅ ሰው ወደ ጠመንጃ ጠጋኝ ቢወስደው ይሻላል። የተሰካን አረር በሌላ ጥይት ተኩሶ ለማስወጣት መሞከር ፈጽሞ አይገባም።

በጠረጴዛው ላይ ያለው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ መቋረጥ ነው፦ ስልክ ይጮኻል፣ ሰው ይጠራል፣ እጅ ደግሞ ወደሚቀጥለው ቀለህ ያልፋል። ሌላው ምክንያት ዘንጋ ዘንጋ ያሉት የባሩድ ፍሬዎች በመስፈሪያው አንገት ላይ ተጋግዘው ድልድይ መሥራታቸው ነው፤ አንዱ ቀለህ ይጎድልበታል፣ ድልድዩ ሲፈርስ ደግሞ ተከታዩ ይበዛበታል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ቀለሆቹን ሁሉ ቀዳዳ ባለው የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ገበታ ላይ ደርድሮ፣ ባሩድ ከሞላ በኋላ አንድም አረር ሳያስገባ በባትሪ ብርሃን እያንዳንዱን ወደ ውስጥ እንዲያይ ነው። የባሩዱ ከፍታ ከጎረቤቶቹ የተለየ ቀለህ በዓይን ይለያል። መመሪያው ከሚፈቅዳቸው ባሩዶች መካከል የቀለሁን ከግማሽ በላይ የሚሞላውን መምረጥም ትልቅ ጥበቃ ነው፤ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢሞላ ፈስሶ ራሱን ያጋልጣልና።

ፕራይመሩ ሲጠፈጠፍ፣ መዝጊያው ሲከብድ

ከተተኮሰ በኋላ የፕራይመሩ ጠርዝ ክብነቱን አጥቶ ተደፍጥጦ ከተገኘ፣ መዝጊያውን ለመክፈት ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ካስፈለገ፣ በቀለሁ ግርጌ ላይ የሚያብረቀርቅ አሻራ ከታተመ፣ ወይም ፕራይመሩ ከቦታው ወልቆ ከወደቀ፣ ግፊቱ ከልክ አልፏል። ከዚያ ሣጥን ከእንግዲህ አንድ ጥይት እንኳ መተኮስ አይገባም። እነዚህ ምልክቶች የሚመጡት ዘግይተው መሆኑን ማወቅም ያሻል፤ ምልክት አለመታየቱ ግፊቱ በልክ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

መጀመሪያ የሚመረመረው ሚዛኑ ነው። የባሩድ መጠን በመመሪያዎች ላይ በብዛት የሚጻፈው ግሬይን በተባለ መለኪያ ሲሆን፣ አንድ ግሬይን 0.0648 ግራም ገደማ ነው። የኤሌክትሮኒክ ሚዛኑ ቁልፍ ሳይታወቅ ተነክቶ በግራም የሚያነብ ከሆነ ከ15 እጥፍ በላይ የሆነ ስሕተት ይፈጠራል። በትልቅ የጠመንጃ ቀለህ ይህን ያህል ባሩድ ስለማይገባ ስሕተቱ ይታወቃል፤ የመስፈሪያው መጠን በትንሹ ሲዛነፍ ግን ምንም አያስታውቅም። ስለዚህ ሚዛኑን በየሥራው መጀመሪያና መጨረሻ በታወቀ የመፈተሻ ክብደት ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ሚዛኑ ትክክል ከሆነ ወደ ደብተሩ ይመለሱ። የአረሩ፣ የፕራይመሩ ወይም የቀለሁ ዓይነት ተቀይሮ የባሩዱ መጠን እንደ ቀድሞው ቀርቶ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል፤ የወታደራዊ ቀለሆች አንዳንዶቹ ግድግዳቸው ወፍራም፣ ውስጣቸው ጠባብ ስለሆነ ያው ባሩድ በውስጣቸው የበለጠ ግፊት ይፈጥራል። ማናቸውም ክፍል ሲቀየር ከመመሪያው የመነሻ መጠን እንደገና መጀመር ያስፈልጋል። በብርድ ወቅት ተፈትኖ የተወደደ አሞላል በሙቀት ወቅት ግፊቱ ሊጨምር እንደሚችልም አይዘንጋ።

አረሩ ወደ ቀለሁ መስመጡም ሌላ ምክንያት ነው። በተለይ በሽጉጥ ጥይት፣ ከካዝናው ተነሥቶ ወደ ጉረሮው (ጥይቱ ለተኩስ ወደሚቀመጥበት የቧንቧው የኋላ ክፍል) ሲገባ አረሩ ተገፍቶ ወደ ውስጥ ከገባ የባሩዱ ክፍት ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱም ይንራል። ለማረጋገጥ የጥይቱን ርዝመት በካሊፐር (የሚሊሜትርን ክፍልፋይ በሚለካ መሣሪያ) መለካት፣ አረሩን በአውራ ጣት ጉልበት ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር መጫን፣ እንደገና መለካት ነው። ርዝመቱ ከቀነሰ የቀለሁ አፍ አረሩን አጥብቆ አልያዘም፤ አፉን የሚከፍተው መሣሪያ ከልክ በላይ ከፍቶት ወይም መጨረሻ ላይ የሚደረገው ማጥበቅ ጎድሎ ይሆናል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ባሩዱ ጥቂት ሆኖ ሳለ ፕራይመሩ የሚጠፈጠፍበት ጊዜ አለ። ቀለሁ በጉረሮው ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ሲበዛ ፕራይመሯ ወደ ኋላ ትወጣና ቀለሁ ተከትሎ ሲመጣ ትደፈጠጣለች። ስለዚህ በአንድ ምልክት ብቻ ከመፍረድ ሌሎቹንም ማየት ያስፈልጋል፤ እስኪለይ ድረስ ግን መቆሙ አይቀርም።

መርፌው መታ፣ ጥይቱ ግን አልተኮሰም

እዚህም ላይ ዘግይቶ ሊተኩስ ስለሚችል አፈሙዙን ከዒላማው ሳያነሡ ከ30 ሰከንድ ያላነሰ መጠበቅ ቀዳሚው ተግባር ነው። ከዚያ የወጣውን ጥይት ይመልከቱ። ፕራይመሩ ላይ ያለው ምት ጥልቅ ካልሆነና ተመሳሳይ ነገር በሌሎችም ላይ ከታየ፣ ፕራይመሯ ወደ ቤቷ መጨረሻ አልገባችም ይሆናል፤ የመርፌው ጉልበት እሷን ወደ ውስጥ በመግፋት ያልቃል። በትክክል የገባች ፕራይመር ከቀለሁ ግርጌ በ0.08 እና በ0.13 ሚሊሜትር መካከል ዝቅ ብላ ትቀመጣለች። ይህን ለመለየት ካሊፐር አያስፈልግም፤ የጣት ጫፍ ሲያልፍባት እብጠት ሳይሆን ትንሽ ጉድጓድ ሊሰማ ይገባል። የፕራይመሯን ቤት ከጥላሸት ማጽዳት ብዙውን ችግር ያስወግዳል። ከፍ ብላ የቀረችን ፕራይመር ባሩድና አረር ባለበት ጥይት ውስጥ እንደገና ለመጫን መሞከር ግን አደገኛ ነው፤ ጥይቱ መፈታት አለበት።

ፕራይመሯ ጭራሽ አልገባ ካለች፣ ቀለሁ ወታደራዊ ሊሆን ይችላል። አምራቾቹ ፕራይመሯ እንዳትወልቅ ዙሪያዋን ጨፍልቀው ስለሚቆልፏት፣ ያ የተጨፈለቀ ጠርዝ በተገቢው መሣሪያ ተጠርቦ ወይም ተገፍቶ መነሣት አለበት። በተቃራኒው ያለ ምንም ጉልበት ሸርተት ብላ ከገባች ቤቱ በከፍተኛ ግፊት ሰፍቷል፤ ያ ቀለህ ይጣላል።

ጥይቱ ወደ ጉረሮው አልገባ ሲል

ምክንያቱ የት እንዳለ ጥይቱ ራሱ ይናገራል። ጥይቱን በማርከር ቀለም ቀብቶ፣ መርፌው በወጣለት መሣሪያ ወይም ከመሣሪያው በተነጠለ ቧንቧ ውስጥ ሞክሮ ማውጣት፣ ቀለሙ የተፋቀበትን ቦታ ማየት ነው። አረሩ ላይ ከተፋቀ ጥይቱ ከልክ በላይ ረዝሟል። ትከሻው ላይ፣ ማለትም ቀለሁ ወደ አንገቱ በሚጠብበት ቦታ፣ ከተፋቀ ልክ መመለሻው ዳይ (ቀለሁ ተገፍቶ ሲገባበት ወደ ልኩ የሚመልሰው የብረት ቅርጽ) በፕሬሱ (ዳዩ በሚታሰርበት ባለ እጀታ መጫኛ) ላይ በቂ ያህል አልወረደም። ከትከሻው በታች እብጠት ካለ አፉ ሲጠብቅ ጉልበቱ በዝቶ ናሱ ተጨራምቷል፤ ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ቀለሆቹ እኩል ርዝመት ሳይኖራቸው ሲቀር ነው።

ናስ በየተኩሱ ወደ ፊት ስለሚሳብ ቀለህ ይረዝማል። ለምሳሌ ከጠመንጃ ጥይት ዓይነቶች የ.223 ሬሚንግተን ቀለህ ከ44.70 ሚሊሜትር፣ የ.308 ዊንቸስተር ደግሞ ከ51.18 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። የረዘመ ቀለህ ቢገባ እንኳ አፉ በጉረሮው ጫፍ ተይዞ አረሩን ስለሚጨብጥ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ መቁረጡ የመግባት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ቀለሁ በዳይ ውስጥ ሲቀር፣ ፒኑ ሲጎብጥ

ቀለህ በዳይ ውስጥ ተጣብቆ የሚቀረው ከመግባቱ በፊት የተቀባው ቅባት ስላነሰ ነው። በፕሬሱ እጀታ ላይ ጉልበት መጨመር የቀለሁን ጠርዝ ቀድዶ ነገሩን ያከፋዋል፤ እኔም መጀመሪያ የሞከርኩት ይህንኑ ነበር። ትክክለኛው መንገድ የቀለሁን ግርጌ በመሰርሰሪያ በስቶ፣ ጥርስ አውጥቶ፣ በብሎን ስቦ ማውጣት ሲሆን ለዚሁ የተዘጋጀ መሣሪያ ይሸጣል። ቅባቱ ከበዛ ደግሞ ትከሻው ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ይታያሉ። ካርባይድ የተባለ እጅግ ጠንካራ ቀለበት የተገጠመለት ዳይ ለቀጥታ የሽጉጥ ቀለህ ያለ ቅባት ይሠራል።

የድሮውን ፕራይመር የሚያወጣው ፒን ከጎበጠ ወይም ከተሰበረ ወደ ቀለሁ ውስጥ በብርሃን ይመልከቱ። መካከሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ካለ ቀለሁ የቦክሰር ዓይነት ነው፤ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉት የበርዳን ዓይነት ስለሆነ በተለመደው ዳይ አይሠራም፤ ለጀማሪ ወደ ጎን ቢተው ይሻላል።

ቀለሁ ሲሰነጠቅ

አፉ ላይ በቁመት የወጣ ስንጥቅ ናሱ በተደጋጋሚ መለጠጥና መጥበብ መድረቁን ያሳያል፤ ቀለሁ ይጣላል፣ የቀሩት ጓደኞቹም አፋቸው በልኩ ሞቆ መለስለስ ወይም መለወጥ ይኖርባቸዋል። ከግርጌው ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚታይ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ግን እጅግ የከፋ ነው፤ ግድግዳው ከውስጥ ሳስቶ ቀለሁ ለሁለት ሊለያይ ተቃርቧል። ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ በውስጥ ግድግዳው ላይ ሲሳብ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ከያዘ ጥርጣሬው እውነት ነው። ምክንያቱ በአብዛኛው ዳዩ ትከሻውን ከመጠን በላይ ወደ ኋላ መግፋቱ ነው፤ በእጅ ለሚከፈት መዝጊያ ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሊሜትር መመለስ ይበቃል።

አሞኒያ ያለበትን ማጽጃ በቀለህ ላይ መጠቀም አይገባም። በ19ኛው መቶ ዘመን በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናብ ወቅት ጥይቱን በፈረስ በረት ሲያከማች ቀለሆቹ ራሳቸውን እየሰነጠቁ ይገኙ ነበር፤ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ በውጥረት ላይ ያለውን ናስ እንደሚያጠቃ የተገለጠው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው።

የተበላሸውን ጥይት መፍታት

የተጠረጠረ ሣጥን በሙሉ ይፈታል። ለዚህ የሚያገለግለው ጥይቱን በውስጡ ይዞ በጠንካራ ነገር ላይ ሲመታ አረሩን የሚያላቅቅ መዶሻ ነው። መነጽር ማድረግ፣ ቀለሁን የሚይዘው ክፍል ለመዶሻው የተሠራው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የወጣው ባሩድ ዓይነቱ በእርግጥ ካልታወቀ ወደ ጣሳው አይመለስም፤ በጠረጴዛው ላይ ከአንድ ጣሳ በላይ ባሩድ እንዳይኖር የሚባለውም ለዚህ ነው። ኮምጣጣ ሽታ ያለው ወይም ቀይ ብናኝ ያወጣ ባሩድ መበስበስ ስለጀመረ በአካባቢው ደንብ መሠረት ይወገዳል። ሥራው ሲያልቅ፣ ከፕራይመሩና ከአረሩ የሚወጣው የእርሳስ ብናኝ ወደ አፍ እንዳይገባ፣ ምንም ከመብላት ወይም ፊትን ከመንካት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ጠረጴዛውም በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል።