ሥነ ልቦናን በራስ ላይ እየሞከሩ ማጥናት

የሥነ ልቦና መግቢያ ትምህርት አስተምራለሁ። በየዓመቱ አዳዲስ ተማሪዎቼን ይህን ትምህርት ለምን እንደመረጡ ስጠይቃቸው፣ አብዛኞቹ “ሰውን ማወቅ ስለምፈልግ” ይላሉ። ትንሽ ሲላመዱ ግን እውነተኛው ጥያቄ ብቅ ይላል። አንዷ የምታውቀው መልስ ፈተና ላይ ለምን እንደሚጠፋባት ትጠይቃለች፤ ሌላው ጠዋት የተናደደበት ነገር ለምን እስከ ማታ እንደማይለቀው። ሥነ ልቦና ብዙ ሰው የሚስበው አጥኚውም ተጠኚውም አንድ ሰው ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ። ኮከብ የሚያጠና ሰው ኮከብ አይደለም፤ መርሳትን የሚያጠና ሰው ግን እያጠናም ይረሳል።

ይህ ጉጉት ትልቅ ሀብት ነው። በራሳችሁ ማጥናት ለምትፈልጉ፣ ተማሪዎቼን የማስጀምርበትን መንገድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጥያቄያችሁን አጥብቡት። “ሰው ለምን ይዋሻል?” የሚለው ጥያቄ መጨረሻ ስለሌለው ያደክማችኋል። “አሁን የተዋወቅሁትን ሰው ስም እጁን ሳልለቅ የምረሳው ለምንድን ነው?” ብላችሁ ብትጠይቁ ግን የምትይዙት ጫፍ አገኛችሁ። በዚያች ቅጽበት ሐሳባችሁ የት ነበር? ምናልባት እናንተ ቀጥላችሁ የምትሉት ላይ። እንዲያ ከሆነ ስሙ ከአእምሯችሁ አልጠፋም፤ መጀመሪያውኑ በደንብ አልገባም። ስለ ትኩረትና ስለ ትውስታ የተጻፈውን ማንበብ የምትጀምሩት ከዚህ ነው።

ቀጥሎ ከሽንገላ ተጠንቀቁ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ስለሚቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ መምህር 39 ተማሪዎቹን ስለ ባሕርይ የሚጠይቅ መጠይቅ አስሞላቸው። ከዚያም ለእያንዳንዳቸው “የአንተ ውጤት” ብሎ አንድ ወረቀት ሰጣቸውና ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቀ። አማካዩ 4.26 ሆነ። የሁሉም ወረቀት ግን አንድ ነበር፤ ዐረፍተ ነገሮቹም በአብዛኛው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተቀዱ ነበሩ። ሰዎች እንዲወዱህ ትፈልጋለህ፣ ራስህን አብዝተህ ትወቅሳለህ የሚሉ ዓይነት። ማን ነው ይህ የማይመለከተው? ስለዚህ “እውነት ይህ እኔ ነኝ!” የሚያሰኛችሁ ገለጻ ሲገጥማችሁ፣ በጠባይ ፈጽሞ ለማይመሳሰሉ ሦስት ሰዎች አንብቡላቸው። ሦስቱም “እኔን ነው” ካሉ፣ ወረቀቱ ስለ እናንተ የነገራችሁ ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ሙከራ ጀምሩ። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እየሸመደደ የራሱን መርሳት ለካ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። መርሳት መጀመሪያ ላይ ፈጣን እንደሆነና ከዚያ እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ ያሳየው ብቻውን ተቀምጦ ነው። እናንተም ርዝመታቸውና ክብደታቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ጽሑፎች ምረጡ። አንደኛውን ደጋግማችሁ አንብቡት። ሁለተኛውን አንድ ጊዜ አንብቡና ወረቀቱን ገልብጣችሁ ያስታወሳችሁትን ጻፉ፤ ጊዜው እስኪያልቅ እንዲሁ ቀጥሉ። ለሁለቱም እኩል ደቂቃ ስጡ። ከሳምንት በኋላ ሁለቱንም ሳታዩ ጻፏቸው፤ ከመጻፋችሁ በፊት ግን የትኛውን የበለጠ እንደምታስታውሱ ገምታችሁ ግምታችሁን አስፍሩ። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ደጋግሞ ማንበብ “አወቅሁት” የሚል ስሜት ስለሚሰጥ ግምታችሁና ውጤታችሁ ሳይገናኙ ሊቀሩ ይችላሉ። ለእኔ የዚህ ትምህርት ትልቁ ደስታ ያ ልዩነት ነው።

ስለ ታዋቂ ሙከራዎች ስታነቡ ደግሞ መደምደሚያውን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሰለሞን አሽ ያደረገውን ውሰዱ። ተሳታፊው ከሦስት መስመሮች መካከል ርዝመቱ ከቀረበለት መስመር ጋር እኩል የሆነውን ይመርጣል። መልሱ ግልጽ ነው፤ አብረውት የተቀመጡት ግን ከአሽ ጋር የተስማሙ ስለሆኑ ከእሱ ቀድመው በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን ይመርጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚወራው “ሰው ብዙኃኑን ይከተላል” ተብሎ ነው። ቁጥሩን ስታዩ ግን፣ ብዙኃኑ በተሳሳተባቸው ዙሮች ከብዙኃኑ ጋር የሄደው መልስ ሲሦ ያህል ብቻ ነበር፤ ከተሳታፊዎቹ ሩብ ያህሉ አንድም ጊዜ አልተበገሩም። እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው አጠገባቸው ሲኖር ደግሞ የሚሸነፉት በጣም ቀነሱ። ይህ ከተለመደው አባባል እጅግ የበለጸገ ታሪክ ነው። ተሳታፊዎቹ እነማን እንደነበሩም ጠይቁ፤ ወንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። ሴቶች፣ አረጋውያን ወይም የሌላ አገር ሰዎች ቢሆኑስ?

ሙከራው ተደግሞ እንደሆነም አጣሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነ ሰፊ ሥራ ተመራማሪዎች 100 የታተሙ የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሞክረው፣ ጉልህ ውጤት በድጋሚ የታየው ከ40 በመቶ ባነሱት ላይ ነበር። አንዳንድ ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ተስፋ ይቆርጣሉ። እኔ ግን የራሱን ሥራ እንዲህ በአደባባይ የሚፈትን ሙያ ያኮራኛል።

በተማራችሁት ስም ቤተሰባችሁንና ጓደኞቻችሁን አትመርምሩ። የሕመም ስም ለሰው መለጠፍ ያቆስላል፤ የባለሙያም ሥራ ነው። የራሳችሁ ጭንቀት ወይም ሐዘን ሥራና እንቅልፍ ከነሳችሁም ወደ ባለሙያ ሂዱ፤ በራስ ላይ የሚደረግ ሙከራ ለዚያ አይሆንም።

ለመጀመሪያው ወር ከአንድ ርዕስ በላይ አትያዙ። እኔ ብመርጥላችሁ ትውስታን እመርጣለሁ፤ ወረቀት፣ እስክሪብቶና ሰዓት ካላችሁ ዛሬ ማታ መጀመር ትችላላችሁ።