አወረድኩት ግን ፋይሎቼ የሉም፦ የጉግል አካውንት ስትቀይሩ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

አሮጌ አካውንቱን ለመዝጋት የሚጣደፍ ሰው ሲያጋጥመኝ አንድ ነገር እለምነዋለሁ፦ ባክአፑን ከፍተህ ሳታይ እንዳትዘጋው። ባክአፑን የምታወርዱበት የጉግል አገልግሎት፣ ጉግል ቴክአውት (Google Takeout)፣ ዳታችሁን በዚፕ ጠቅልሎ ይሰጣችኋል። ግን ስክሪን ላይ የምታዩትን ሁሉ አይሰጣችሁም፤ የሚሰጣችሁም በለመዳችሁት መልክ አይደለም።

ድራይቭ ላይ የማየው ፋይል ባወረድኩት ውስጥ የለም

ምክንያቱ ባለቤትነት ነው። ቴክአውት የሚያወርደው የራሳችሁን ፋይል ነው። ሌላ ሰው ያጋራችሁን ፋይል በየቀኑ ስለምትከፍቱትና ስለምታርሙት የእናንተ ይመስላችኋል፤ ባለቤቱ ግን እሱ ነው። ፋይሉን ከፍታችሁ ኮፒ አድርጉት፣ ኮፒው የእናንተ ይሆናል። ወይም ባለቤቱ ለአዲሱ ኢሜይላችሁ እንዲያጋራ ጠይቁት።

ተገላቢጦሹንም አትርሱ። ሌሎች የሚሠሩበት ፋይል ባለቤት እናንተ ከሆናችሁ፣ አካውንቱ ሲሰረዝ ፋይሉ ከእነሱም እጅ ይወጣል። ባለቤትነቱን አስቀድማችሁ አስተላልፉ፤ ተቀባዩ ካልተቀበለው ግን አልተላለፈም።

ፎቶዎቹ ሁሉ የዛሬን ቀን ይዘው መጡ

ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ፎልደሩን ስትከፍቱ ከፎቶዎቹ ጎን መጨረሻቸው ጄሰን (.json) የሚል ትንንሽ ፋይሎች ታያላችሁ። ቆሻሻ መስሏቸው የሚሰርዟቸው አሉ። እባካችሁ አትሰርዟቸው! አንዱን በኖትፓድ ክፈቱት፦ ፎቶው የተነሳበት ቀን፣ ቦታው፣ የጻፋችሁበት መግለጫ እዚያ ውስጥ አለ። ኮምፒውተሩ የሚያሳያችሁ ቀን ፋይሉ የወረደበትን ወይም ከዚፑ የወጣበትን ነው።

በካሜራ የተነሳ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን በውስጡ ይዟል፣ ስለዚህ ለእሱ ብዙ አትጨነቁ። የሚያሳስበው ሌላው ነው። የእናትና አባታችሁን የሠርግ ፎቶ ስካን አድርጋችሁ ጉግል ፎቶስ ላይ ቀኑን በእጃችሁ አስተካክላችሁ ከነበረ፣ ያ ቀን የሚገኘው ጄሰኑ ውስጥ ብቻ ነው። ኤክሲፍቱል (ExifTool) የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከጄሰኑ አንብቦ ወደ ፎቶው ይመልሰዋል። መጀመሪያ በአንድ ኮፒ ላይ ሞክሩት።

ደግሞ ባክአፑ በብዙ ዚፕ ተከፋፍሎ ከመጣ ፎቶው በአንዱ፣ ጄሰኑ በሌላው ዚፕ ሊገባ ይችላል። ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ፍቱ። ቁጥራቸውንም አረጋግጡ፤ 7 ዚፕ ተልኮላችሁ 6 ብቻ ካወረዳችሁ የጎደለው ውስጥ ምን እንደነበረ ማወቅ አትችሉም።

ፍላሹ ባዶ ነው፣ ግን ፋይሉ ትልቅ ነው ይለኛል

ፍላሹ በፋት 32 (FAT32) ፎርማት የተደረገ ነው። ይህ ፎርማት ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነን አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ቦታ ቢተርፈውም። ወደ ኤክስፋት (exFAT) ቀይሩት፤ ፎርማት ሲደረግ ያለውን ስለሚያጠፋ ግን አስቀድማችሁ አውጡት። ወይም ቴክአውት ላይ የዚፑን መጠን 2 ጊጋባይት ምረጡ።

የማውረጃው ሊንክ አይሠራም

ሊንኩ የሚቆየው ለ7 ቀን ያህል ነው። አልፎበት ከሆነ እንደገና ጠይቁ።

ኢሜይሎቼ አንድ ትልቅ ፋይል ሆነው መጡ

ጂሜይል የሚወርደው ኢሜይሎችን በአንድ ፋይል በሚያስቀምጥ ኤምቦክስ (mbox) በሚባል ፎርማት ነው። ፋይሉ አልተበላሸም። ተንደርበርድ (Thunderbird) የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ላይ አስገብታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ።

አካውንቱን ከስልኬ ሳነሳው ስልክ ቁጥሮቹ ጠፉ

ቁጥሮቹ የተቀመጡት ስልኩ ላይ ሳይሆን አካውንቱ ላይ ነበር። አካውንቱ ካልተሰረዘ መልሳችሁ አስገቡት፣ ይመለሳሉ። ከዚያ ኮንታክቶቹን በቪሲኤፍ (.vcf፣ የስልክ ቁጥሮች ማስቀመጫ) ፋይል አውጥታችሁ አዲሱ ላይ ጫኑ። የአንድሮይድ ዋትስአፕ ባክአፕም አሮጌው የጉግል አካውንት ላይ ነው ያለው። ዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አካውንቱን ቀይሩና ወዲያው አዲስ ባክአፕ አስጀምሩ።

ይህ ሁሉ አልቆም ቢሆን አሮጌውን ለጥቂት ወራት ክፍት ተዉት። «በጉግል ግባ» (Sign in with Google) የሚለውን ተጭናችሁ የከፈታችኋቸው ሌሎች አካውንቶች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ ብቅ ባሉ ቁጥር ኢሜይላቸውን ቀይሩ። አልፎ አልፎም ግቡበት፣ ጉግል ለ2 ዓመት ያልተነካ የግል አካውንት ሊሰርዝ ይችላልና።